የአሥራ አንድ ሳምንቱ ሰው

ደወል የሌለው ቤተ ክርስቲያን አይቼ አውቃለሁ፤ አራሚ የሌለው መንደር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። በግብዣ መካከል ወሬው ሞቅ ብሎ፣ ተራኪው «ሺህ ሰው ተሰብስቦ ነበር» ሲል፣ ከጠረጴዛው ጫፍ ጉሮሮውን ጠርጎ «አራት መቶ ቢሆን ነው» የሚለውን ሰው ማለቴ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አማታችሁ ነው፤ ምናልባትም፣ ክፉ አይንካችሁና፣ ባላችሁ ነው።

ሆኖም አራሚ ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው አራሚ የሰው ነገር ሲሆን ሚዛን ያመጣል፤ የራሱ ሲሆን ክንዱን ይዘረጋል። የእኛ የኪሽበርከሽ መንደር አራሚ ግን ከነገዱ ሁሉ ልዩ ነበሩ። እሳቸው የሚያርሙት የገዛ ራሳቸውን ክብር ነበር። ክቡር ሊቀ ልክ ቬትሼይ ገዴዎን፣ በዓለም ታላቁን የሳይንስ ሽልማት የተሸለሙ፣ ስማቸው በመማሪያ መጽሐፍ የታተመ፣ በመንደራችን አጠራር ደግሞ ጋሽ ገዴዎን። «ሊቀ ልክ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ሊቀ ሊቃውንት» ብያቸው ነበር፤ «በዛ» ቢሉኝ ቀነስኩት።

እኔ በዚያ ዘመን የመንደሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበርኩ፤ ዳይሬክተርም፣ አስተማሪም፣ ምድጃ ለኳሽም። ልጅ ሳለሁ የተማርኩበት ግራጫ ሽፋን ያለው የፊዚክስ መጽሐፍ ነበረ፤ ሽታው ዛሬም ድረስ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ሙቀት በክሪስታል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በሚተርከው ምዕራፍ፣ «የቬትሼይ ሕግ» የሚል በወፍራም ፊደል ተጽፎ፣ ከሥሩ የአንድ ቀጭን ወጣት ሥዕል ይታይ ነበር። ያ ወጣት ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ሰባ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ የእናቱን ቤት ጠግኖ ሊኖርበት ከአሜሪካ መጣና ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ከአውቶቡስ ወረደ። እኔም እንደ ተማሪ ልቤ እየመታ እጄን ዘረጋሁ።

«የሕጉን ባለቤት በዓይኔ ለማየት በቃሁ!»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሕጉ የሁለት ሰው ነው» አሉኝ። «የእኔና የረዳቴ። እሱ በሃያ ስምንት ዓመቱ ስለሞተ ስሙ ቀረ። ሁለት እጁ የእኔ ነው፤ ሲሶው የእሱ።»

ሻንጣቸውን ገና ከእጃቸው አላስቀመጡም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ዕረፍት አጣ። በቲሳ ወንዝ ዳር፣ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ የገዛ ዓሣውን የሚያሳንስ ሰው ከእሳቸው በፊት አልታየም፤ በኋላም የሚታይ አይመስለኝም። ወንዶቹ ሁሉ ማታ ማታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተደርድረው ክንዳቸውን ሲዘረጉ፣ ጋሽ ገዴዎን አንዷን ዓሣቸውን በጣታቸው አንጠልጥለው ያልፋሉ። «ምን ያዙ ዛሬ?» ሲባሉ፣ «አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር። እሷም ብትሆን ስትነክስ ደክሟት ነበር» ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት አጥማጆቹ ሽማግሌ ላኩባቸው። «ጋሼ፣ እባክዎ በኋላው መንገድ ይግቡልን። ሚስቶቻችን መለካት ጀምረዋል።»

በመስከረም መንደሩ የፕሪም ማርማላታ ያበስላል። ትልቁ የመዳብ ጋን በእትዬ ዩሊሽ ግቢ ተጥዶ፣ ስኳር የሚባል ሳይነካው፣ ማንኪያ ሲተክሉበት ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ከማለዳ እስከ ማታ ሰው እየተፈራረቀ ያማስለዋል። ያማሰለ ሁሉ ማሰሮ ማሰሮውን ይዞ ይሄዳል። ዩሊሽ የፀጉር አስተካካያችን የጌርገይ ሚስት ናት፤ ጡንቻዋም ምላሷም የታወቀ። ጋሽ ገዴዎን ጠዋት ለአንድ ሰዓት አማስለው ነበርና ሦስት ማሰሮ አቀረበችላቸው።

«በዛ» አሉ።

«ኧረ ይውሰዱ እንጂ! ድፍን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመዋል!»

«ገና ውሃ ሳለ ነው ያማሰልኩት። ክንድ የሚበላው ከሰዓት በኋላ ነው። ለእኔ አንድ ማሰሮ፤ ያውም ጎደሎ።»

«ጎደሎ ማሰሮ ይዘው በመንደሩ መካከል ሲያልፉ፣ ‹ዩሊሽ ቆንቋና ናት› ሊያሰኙኝ ነው? ሞቼ እገኛለሁ!»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱን ሙሉ ማሰሮ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ አመስግነው ጎንበስ አሉ፤ ከማሰሮው ሁለት ማንኪያ ዛቅ አድርገው ወደ ጋኑ መለሱ። ዩሊሽ ማማሰያዋን ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ አባረረቻቸው።

ታላቁ እርማታቸው ግን የቦምቡ ነው። የመንደራችን ሒሳብ ቀላል ነበር። ስመ ጥር የፊዚክስ ሊቅ፣ ሲደመር አሜሪካ፣ ሲደመር ጦርነት፣ እኩል ይሆናል አቶሚክ ቦምብ። ጌርገይ ለዚህ ሒሳብ ከማንም በላይ ታማኝ ነበር። ከሌላ መንደር ደንበኛ ሲመጣ ወንበሩን በፎጣ ይጠርግና፣ «ቀስ ብለህ ተቀመጥ! የማን ወንበር እንደሆነ ታውቃለህ? የአቶሚክ ቦምብ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጡበት ነው!» ይላል። አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ሲያውጅ፣ ከጎኑ ወንበር ላይ ፊቱ ሁሉ በሳሙና አረፋ ከተሸፈነ ሰው ድምፅ ወጣ።

«አሥራ አንድ ሳምንት።»

«ምን አሉ ጋሼ?»

«አሥራ አንድ ሳምንት፤ አንድ ሠንጠረዥ። አባት አይደለሁም።»

«እሺ፣ አጎት ይሁኑ!»

«አጎትም አይደለሁም። ቢበዛ የጎረቤት ዘመድ።»

«ጋሼ፣ ገበያዬን አይዝጉብኝ እንጂ! ሰው ከሦስት መንደር የሚጎርፈው ለመቀሴ ይመስልዎታል?»

«ለመቀስህማ አይመጣም» አለ አረፋው። «እሱስ ልክ ነው።»

አሥራ አንዱን ሳምንት እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መንደሩም እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያውቀዋል። በጦርነቱ ጊዜ፣ ቦምቡን ለመሥራት ከተሰማራው የትየለሌ ሠራተኛ መካከል፣ እሳቸውን ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አንድ ሠንጠረዥ እንዲያጣሩ ሰጧቸው። ሠንጠረዡ የሚናገረው ግራፋይት ስለሚባለው ነገር ነው፤ የእርሳስ ልብ የሚሠራበት ያ ጥቁር ነገር፣ ኒውትሮን ከሚባሉት ደቂቅ ቅንጣቶች ምን ያህሉን ውጦ ያስቀራል ነው ጥያቄው። በአራተኛው ገጽ፣ በሦስተኛው ዓምድ፣ አንድ ስሕተት አገኙ። አረሙት። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች መጡና፣ «እናትዎ የሚኖሩት በጠላት አገር ነው» ብለው ከክፍሉ አስወጧቸው። ወደ ማስተማራቸው ተመለሱ። የሂሮሺማን ነገር የሰሙት እንደ ማንኛውም ሰው ከራዲዮ ነው፤ ሰሐን እያጠቡ።

«እርስዎ ስሕተቱን ባያገኙትስ ኖሮ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ሌላው ሰው በሳምንቱ ያገኘው ነበር።»

«እንግዲያማ ምንም አላደረጉም ማለት ነው!»

«ያገኘሁትማ እኔ ነኝ እኮ፣ ኤቴልካ» አሉኝ።

ያን ጊዜ የሽማግሌ ግትርነት መሰለኝ። ነገሩ የገባኝ ትምህርት ቤቴ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ ነው።

ተማሪዎቼ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። በዚያው ዓመት ከሠላሳ ልጅ በታች ያላቸው የመንደር ትምህርት ቤቶች ይዘጉ፣ ልጆቹም በአውቶቡስ ወደ ከተማ ይመላለሱ የሚል ወሬ ከአውራጃው ይነፍስ ጀመር። እኔ በዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። የዩሊሽን እጅ ይዤ ፊደል ያስጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ የልጇን የቦሪን እጅ ይዤ አስጽፋለሁ። እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ጋሽ ገዴዎንም ቢሆኑ አያርሙትም።

በግንቦት መጨረሻ ከአውራጃው የባህል ክፍል ጓድ ሃላስ የሚባል ሰው ከነቦርሳው መጣ። ለስላሳ ሰው ነበር፤ የልጆቹን ሥዕል አንድ በአንድ አይቶ አደነቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ፣ «ጓድ ዳይሬክተር፣ አንድ መንገድ አለ» አለኝ። ትምህርት ቤቱ በሰኔ «የሰላም ትምህርት ቤት» ተብሎ ይሰየማል፤ ምክንያቱም በዚህ መንደር የተወለዱት ታላቁ ሊቅ ቬትሼይ ገዴዎን በኢምፔሪያሊስቶች ቦምብ ሥራ ምንም ዓይነት ተሳትፎ ያላደረጉ፣ ቢጠየቁም በቁጣ እምቢ ያሉ የሰላም አርበኛ ናቸው። ይህ በይፋ ይነበባል፤ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የሰላም ትምህርት ቤት ደግሞ ቢያንስ ለአሥር ዓመት አይዘጋም።

«ግን እኮ እሳቸው...» አልኩ።

«ምንም እንዲናገሩ አንፈልግም» አለ ጓድ ሃላስ ፈገግ ብሎ። «መቀመጥ ብቻ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ ጋሽ ገዴዎን ቤት ሮጥኩ። የወይን ሐረግ ሲያስሩ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲጥ፣ ሲጥ፣ ገመዱን እያጠበቁ ሰሙኝ።

«ጋሽ ገዴዎን፣ ዕድሜ ልክዎን ‹ትንሽ ነው የሠራሁት፣ ትንሽ ነው› ሲሉ ኖሩ። አሁን መንግሥት ራሱ ‹ምንም አልሠሩም› ልበል አለ። ከትንሽ እስከ ምንም ስንት እርምጃ ናት?»

ገመዱን ለቀቁት። «ብዙ የሚባለው የትንሽ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይሰላል» አሉ። «ጌርገይ ሲያጋንነኝ፣ በስንት እጥፍ እንዳጋነነኝ ልነግርሽ እችላለሁ። ትንሽ ግን የምንም ስንት እጥፍ ነው? በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል ራስሽ ታስተምሪያለሽ።»

«እኔ ሒሳብ አልጠየቅኩዎትም! አሥራ ዘጠኝ ልጆች ናቸው። የስድስት ዓመት ሕፃን በጨለማ ተነሥቶ፣ በበረዶ ቆሞ አውቶቡስ ሊጠብቅ ነው። ዋሹ አላልኩም። ዝም ይበሉ ብቻ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «እሞክራለሁ» አሉ። «እሞክራለሁ ነው ያልኩት። ቃል አልገባሁም።»

ቀኑ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ አጥር ኖራ ተቀባ፤ ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለበሱ፤ ከጋዜጣው ፎቶ አንሺ መጣ። ጋሽ ገዴዎን የፊተኛው ረድፍ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የእናታቸው ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለው የአያታቸው ፎቶግራፍ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጓድ ሃላስ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ያማረ ነበር። «...በዚህ ዘግናኝ መሣሪያ ሥራ ምንም፣ ፈጽሞ ምንም ዓይነት ተሳትፎ ያላደረጉ...»

ዓይኔ ከጋሽ ገዴዎን ቀኝ እጅ አልተነቀለም። እጁ ከጉልበታቸው ተላቀቀ። ትንሽ ከፍ አለ፤ ተመለሰ። እንደገና ከፍ አለ። ከዚያም፣ በአገራችን ተማሪ ሁሉ እንደሚያነሣው፣ ሁለት ጣት ተቀስሮ፣ ክርኑ ቀጥ ብሎ፣ ወደ ላይ ወጣ።

«ወይኔ ጉዳችን!» አለ ጌርገይ ከኋላዬ።

ጓድ ሃላስ ቆመ። «አቤት፣ ጓድ ፕሮፌሰር?»

«አንድ እርማት አለኝ።»

ተነሥተው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አባቱ ነህ ስትሉኝ አይደለሁም እላችኋለሁ። አሁንም አይደለሁም። ግን አሥራ አንድ ሳምንት ሠርቻለሁ። እምቢ አላልኩም፤ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ሒትለር ቀድሞ እንዳይሠራው ፈርቼ ነበር፤ መፍራቴም ልክ ነበር። ያገኘሁት ስሕተት እውነተኛ ስሕተት ነበር። ከታረመ በኋላ ሥራው ቀጠለ። በቃ፤ ይኸው ነው።» ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

ከልጆቹ መካከል ሁለት ትንንሽ ጣቶች ተነሡ። ቦሪ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ፤ በዚያ ወር ክፍልፋይ እያስተማርኳት ነበር።

«ጋሽ ገዴዎን፣ ከሞቱት ሰዎች ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ስንት ነው?»

«ዝም በይ አንቺ! አፍሽን ያዢ!» ዩሊሽ ክንዷን ጨመደደቻት።

«ተያት፣ ዩሊሽ። የደንብ ጥያቄ ነው።» እንደገና ቀና አሉ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አሰላሁት፣ ቦሪዬ። ላዕሉ ይታወቃል፤ አንድ ሠንጠረዥ ነው። ታህቱን ግን አላገኘሁትም። አንዳንድ ቀን በጣም ትልቅ ይሆንልኛል፤ አንዳንድ ቀን ይጠብብኛል። አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ዜሮ አይደለም።»

ጓድ ሃላስ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው። ፎቶ አንሺው መሣሪያውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። በነሐሴ ደብዳቤው መጣ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል።

ያን ክረምት ጋሽ ገዴዎንን ሰላም አላልኳቸውም። ሲመጡ ካየሁ መንገድ አቋርጣለሁ። አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አንዲት ደቂቃ ዝም ማለት ያቃተው ሰው ብዬ በልቤ አማኋቸው። ዩሊሽማ በልቧም አልተወሰነችም። በመስከረም መጀመሪያ፣ ልጆቹ ደብተር ታቅፈው ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ በከተማው ትምህርት ቤት ተመድቤ እኔም ከእነሱ ጋር ቆሜ ሳለ፣ ጋሽ ገዴዎን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ይኸው፣ ትምህርት ቤታችንን የዘጉት ጌታ መጡ!» አለች ዩሊሽ ጮክ ብላ። «አሁን ደግሞ አውቶቡሱን ሊያስቀሩ ነው?»

«አስልቼዋለሁ» አሏት ሰሌዳውን ከግንቡ እያስደገፉ። «ትምህርት ቤቱ የተዘጋው በልጆች ማነስ ነው፤ በመመሪያውም ነው፤ በእኔ ንግግርም ነው። የእኔ ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። የእነዚህ ሕፃናት የትምህርት ቀን አራት ሰዓት ነው። ስምንተኛው ግማሽ ሰዓት ይሆናል። አውቶቡሱን የሚጠብቁት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው።» ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። «ሦስት አራተኛን ለሁለት ማን ያካፍልልኛል?»



እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። በዝናብ ዣንጥላ ይዘው፣ በበረዶ የእናታቸውን የሱፍ ሻርፕ ተጠምጥመው፣ አንድ ቀን ሳይቀሩ መጡ። ግማሽ ሰዓት፤ አንድ ደቂቃ አይጎድል፣ አንድ ደቂቃ አይተርፍ። ሰዓታቸውን አይተው ነገር በመካከል ይቆርጣሉ። «ስለዚህ ይህ ቁጥር የሚሆነው...» ብለው ጠመኔውን ኪሳቸው ይከታሉ፤ ልጆቹ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «ስንት ነው? ጋሽ ገዴዎን፣ ስንት ነው የሚሆነው?» እያሉ ይጮኻሉ። «ነገ!» ይሏቸዋል። በዚያ ዓመት ከመንደራችን ልጆች አንድም ከአውቶቡሱ የቀረ የለም። እኔም ሳልናገር ከቤቴ ቀደም ብዬ መውጣት ጀመርኩ፤ ሰላምታውም ሳላስበው ተመለሰ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በበረዶው ወራት፣ የከተማው ትምህርት ቤት የመዝገብ ክፍል ውስጥ የተማሪዎቼን የድሮ የምስክር ወረቀት ስፈልግ፣ የእኛ ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የተወሰነበት ወረቀት ቅጂ እጄ ገባ። ፊርማና ማኅተም ነበረበት። ቀኑ መጋቢት ሦስት ይላል። የስያሜው በዓል የዋለው በሰኔ ነው። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። ጓድ ሃላስ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የልጆቼን ሥዕል ሲያደንቅ፣ የአሥር ዓመቱን ተስፋ ሲሰጠኝ፣ ትምህርት ቤቴ ከተፈረደበት ሦስት ወር ሊሞላው ነበር። የፈለገው ለጋዜጣው የሚሆን ወሬ ብቻ ነው። ጋሽ ገዴዎን ዝም ቢሉም ሆነ ቢናገሩ፣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነበር።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሦስት ሳምንት ተሸከምኩት። እውነቱን ልናዘዝ። ብነግራቸው ድርሻቸው ይሰረዛል፤ ድርሻቸው ከተሰረዘ ደግሞ፣ እሳቸውን እንደማውቃቸው፣ በማግሥቱ አይመጡም። ልጆቹ ያንን ግማሽ ሰዓት ያጣሉ ብዬ ራሴን አታለልኩ። የልጆቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት አልደብቅም ነበር። ያን ጊዜ የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ በበረዶ ውስጥ፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ኋላ ቆሜ፣ በግራጫው መጽሐፍ ሥዕሉን እያየሁ ያደግኩት ሰው በጠመኔ ሲጽፍ ማየት የቀኔ ሁሉ ደስታ ሆኖብኝ ነበር።

በመጨረሻ ግን፣ ለእኔ ትምህርት ቤት ሲሉ እንኳ በራሳቸው ላይ ያልዋሹትን ሰው በዝምታ መዋሸት ከበደኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ቆሜ ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

«ጋሽ ገዴዎን፣ ድርሻዎ ዜሮ ነው።»

አነበቡት። በጣታቸው ቀኑ ላይ ቆሙ። «መጋቢት።»

«አዎ።»

«እኔ የተናገርኩት በሰኔ ነው።»

«አዎ፣ በሰኔ።»

«እንግዲያስ ዜሮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ንጹሕ ዜሮ።» ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ደግመው አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም። «እንዲህ ያለ ዜሮ አግኝቼ አላውቅም፣ ኤቴልካ። ይህን ወረቀት ልውሰደው?»

«ይውሰዱት» አልኳቸው፤ እንባዬን ላለማሳየት ቶሎ ዞርኩ።

በማግሥቱ እግሬን እየጎተትኩ ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሄድኩ። ለልጆቹ ምን እንደምላቸው እያሰላሰልኩ ጥጉን ዞርኩ። ጋሽ ገዴዎን ከሰሌዳው ላይ በረዶ በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ።

«ትናንት ዜሮ ብለን አልነበረም?» አልኳቸው።

«ዜሮ ነው። አልተለወጠም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ትምህርት እንደማይገባው ተማሪ አዩኝ። «ልጆቹ እኮ ማካፈል አልጨረሱም» አሉ፤ ዞረውም መጻፍ ጀመሩ።

ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ሰዓታቸውን አላዩም። አውቶቡሱ መጣ፤ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ። ጋሽ ገዴዎን ጀርባቸውን ሰጥተውት ጠመኔውን ያንቀሳቅሳሉ። «ቆይ እባክህ» አሉት ሳይዞሩ፤ «አንዷ ገና አልገባትም።» ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ዩሊሽ፣ ያቺ ዩሊሽ፣ ሄዳ ዣንጥላውን ከራሳቸው በላይ ያዘችላቸው።

አውቶቡሱ በዚያ ቀን ሰባት ደቂቃ ዘገየ። ጌርገይ ለደንበኞቹ ሲያወራ «ግማሽ ሰዓት ሙሉ አቆሙት!» ይላል። እኔ በፀጉር ቤቱ በኩል ባለፍኩ ቁጥር በሩን ከፈት አድርጌ አርመዋለሁ። ሰባት ነው። ቆጥሬዋለሁ።